ስሜ የተለጠፈባት አሮጌ ሰርቨር

ስሜን ስነግራችሁ ቀድማችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ ምትኬ እባላለሁ። ይህን ስም የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቱን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካንቺ በፊት የሞተ ልጅ ነበር እንዴ?» ይለኛል። አዎ፣ ነበር። እኔ ሳልወለድ የሞተ፣ ፎቶ እንኳ የሌለው ወንድም ነበረኝ። ፍኖተ ሰላም ባደግሁበት ሰፈር አክስቶቼ ጉንጬን እየሳሙ «የሱ ምትክ፣ የሱ ምትክ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። በራሴ ጉዳይ ወደዚህ ዓለም እንደመጣሁ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ቁጡ ያደረገኝም ይኸው ነው መሰለኝ። እናቴን «ለምን እንዲህ ብለሽ ጠራሽኝ?» ብዬ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ «ተይው፣ ሌላ ቀን» እያልኩ መልሼ ውጬዋለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የገጠመኝ አሶሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ባለሙያ ስላችሁ እንዳታከብዱት። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ኢንተርኔት እምቢ ሲል «ምትኬን ጥሯት» የምባል ሰው ነበርኩ። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ግን ከእኔ በቀር ማንም እጅ አልነበረም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ማሽኖች ነበሩ፤ አንዱ የቢሮው ሥራ ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው፣ ሌላዋ ደግሞ ዋናው ቢበላሽ ተብላ ሁሉንም እየገለበጠች የምትይዝ፣ ባካፕ የምንላት። አንድ ሰሞን «ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ወጣ። እኔም በንዴት አንዱ ላይ «ዋና»፣ ሌላዋ ላይ «ምትኬ» ብዬ በትልልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ባካፕ በአማርኛ ምትኬ አይደል? ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! «ኧረ ስሟን ለጠፈችባት!» ብሎ ቢሮው በሳቅ ሞተ። ጠዋት ጠዋት «እህትሽ እንዴት አደረች?» ይሉኛል። «ካንተ በተሻለ» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት መብረቅ መስመሩን መታና ዋናውን አቃጠለው። ምትኬ ብቻዋን ቀረች። አርጅታለች፣ ስትነሳ ታቃስታለች፣ ግን ያ ሁሉ ነገር ውስጧ ነበር። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቢጠፋ የሚያለቅስለት አልነበረም። ሪፖርት፣ የሪፖርቱ ማጠቃለያ፣ የማጠቃለያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ፎልደር ግን ነበረች፣ የመምህር ኢድሪስ።

መምህር ኢድሪስ የመንጌ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በማስተማር ከገፉ በኋላ በርታኛ ለሚማሩ ልጆች የተረት መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ ወደ እኛ ቢሮ መጡ። በየቀበሌው እየዞሩ ተረት በድምፅ ቀርጸው አምጥተው፣ እያዳመጡ በጽሑፍ ይገለብጡ ነበር። ከተራኪዎቹ አንዷ የገዛ ባለቤታቸው ሐዋ ነበሩ። ሐዋ ከተቀረጹ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ታመው አረፉ። መቅረጫው ላይ የነበረው ለሌላ ሥራ ሲባል ተሰርዟል፤ የመምህር ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ የማታውቅ ናት። የሐዋ ድምፅ ያለው ምትኬ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር።

መምህር የሌሎቹን ተረት ሁሉ ጽፈው ጨርሰዋል። የሐዋን ግን ጥንቸሏ አንበሳውን አታልላ ማንጎ ዛፍ ላይ እስከምትወጣበት ድረስ ጻፉና እዚያው አቆሙ። አንበሳው ከሥር ተቀምጧል፣ ጥንቸሏ ላይ ናት። በቃ። በየሳምንቱ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጥንቸሏ ዛፍ ላይ ስትደርስ ያጠፉታል። መጽሐፉ እሷን ብቻ ሲጠብቅ ከረመ። የቢሮው ሰው ሲያልፍ «መምህር፣ ጥንቸሏ አልወረደችም?» ይላቸዋል።

«ገና ነው። አልወረደም» ይላሉ።

«ደግሞስ ጥንቸል ዛፍ ይወጣል እንዴ?»

«የሐዋ ጥንቸል ይወጣል።»

አማርኛ ለመምህር ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ሲረጋጉ ከእኔ ይሻላሉ። ልባቸው ሲነካ ግን እኔም፣ ሐዋም፣ ጥንቸሏም ሁላችንም ወንድ እንሆናለን። ስለ ጥንቸሏ ሲያወሩ አንድም ቀን ሴት አድርገዋት አያውቁም።

ሰኔ ደረሰ። ሰኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲባል የከረመ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ወር ይጨፈርበታል። ስለምነው የኖርኩት አዲስ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከነካርቶኑ መጣልኝ። ከዚሁ ጋር አሮጌ ዕቃ ሁሉ በጨረታ ተሽጦ ይውጣ ተባለ። እኔም ምትኬ ውስጥ ያለውን ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመርኩ። ማሽኖቹን አገናኝቼ አስጀመርኳቸውና ቀኑን ሙሉ እንደ ወጥ ስጠብቃቸው ዋልኩ። መሃል ላይ ዝናብ ጣለና መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ በጀቱ አልቋላ! መብራት ሲመጣ ከቆመበት ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን ሲያልቅ አየሁት፤ የፋይሉ ብዛት ልክ፣ መጠኑ ልክ።

እኔ ግን አንድ የማልለቀው ደንብ አለኝ፤ ባለቤቱ መጥቶ፣ ከፍቶ በዓይኑ ሳያየው ተዛወረ አልልም። ስለዚህ ሁሉም በየተራ ሐሙስ መጥቶ የራሱን እንዲከፍት ነገርኩ። ምትኬን ከመደርደሪያው አውርጄ፣ ኮሪደሩ ላይ አሮጌዎቹ ዕቃዎች ከተከማቹበት ጥግ አስቀመጥኳትና ለግምጃ ቤት ኃላፊው ለጋሽ ተሾመ ደወልኩ።

«ጋሽ ተሾመ፣ አሮጌውን ሲያስወጡ ምትኬን እንዳይነኳት። ገና አልፈተሽኩም።»

«ማን ደፍሮ ይነካሻል አንቺን!» ብለው ሳቁ።

«እኔን አይደለም፣ ማሽኗን!»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ነገ ኩርሙክ ለሥራ ስለምሄድ ለዘበኛው እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት እየዘነበ ቢሮ ስደርስ ዘበኛው አብዱ ተረኝነቱን ጨርሶ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። አብዱም የመንጌ ልጅ ነው፣ አማርኛውን የተማረው እዚሁ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለእናቴ የምልከው ማንጎ ከመንጌ እንዲያመጣልኝ ለምኜው ነበር።

«ምትኬ! ዕቃህን ቤት ልኬዋለሁ፣ በባጃጅ» አለኝ።

«ተባረክ! አልተጨፈለቀም አይደል?»

«ኧረ! ቀስ ብሎ ነው የሄደው። እናትህ ተቀብሎ ይዟል።»

እናትህ የሚለኝ አከራዬን ነው። ማንጎዬ በሰላም መግባቱ ደስ ብሎኝ፣ ዝናቡን እየሸሸሁ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ከሁሉም ቀድመው የመጡት መምህር ኢድሪስ ነበሩ። አዲሱን ማሽን በአድናቆት ዞረው አዩት። «ይሄ አያቃስትም» አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ማዳመጫውን አቀበልኳቸው፣ የሐዋን ፋይል ራሳቸው እንዲከፍቱ ማውሱን ወደ እጃቸው አስጠጋሁ። ከፈቱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የሌላውን ሰው ፎልደር እያዘጋጀሁ ነበር።

ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምትኬ፣ ዝም ይላል።»

«ድምፁን ከፍ ያድርጉት፣ መምህር።»

«ከፍ አድርጌ ነው። ዝም ነው የሚለው።»

ማዳመጫውን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ምንም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ መስመሩ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሌላ ተረት ከፈትኩ። ምንም። ሦስተኛውን ከፈትኩ። እሱም ያው። ፋይሉን ከውስጥ ስመለከተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባዶ ነው። መብራቱ የሄደው እነዚህ ፋይሎች በሚተላለፉበት ሰዓት ነበረ። ማሽኑ ቦታቸውን አዘጋጅቶ፣ ስማቸውንና መጠናቸውን ጽፎ፣ ውስጣቸውን ሳይሞላ ጠፋ። ሲነሳ ደግሞ «እነዚህማ አልፈዋል» ብሎ ዘለላቸው። ተሰልፎ የተቀመጠ ጀሪካን ነው፣ ክዳኑ ሁሉ ተገጥሟል፣ ውሃ ግን የለውም።

«አይዞዎት መምህር፣ አሮጌዋ አለችልን! ደግመን ነው የምናዛውረው» አልኩና ተነሳሁ። እንዲያውም ሳቅሁ። ለዚህ ብዬ አይደል ያቆየኋት?

ጥጉ ባዶ ነበር። አሮጌ ኮምፒውተር የለ፣ ፕሪንተር የለ፣ የተሰበረ ወንበር የለ። ወለሉ ታጥቧል።

ንብረት ክፍል ወደምትሠራው ወደ ሰላማዊት እየሮጥኩ ገባሁ። «እዚህ ጥግ የነበረው ዕቃ የታለ?»

«ውይ፣ ሄደ'ኮ! ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ በማለዳ መጥቶ ጭኖ ወጣ። ሰኔ አይደል!»

«ምትኬንም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺን?»

ያን ጊዜ የጮህኩት ጩኸት ዛሬም ያሳፍረኛል። ጋሽ ተሾመ ጋ ደወልኩ፣ ኩርሙክ መንገድ ላይ ናቸው፣ ኔትወርክ የለም። አብዱ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው፤ ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ መቼም ይተኛል። ሰላማዊት ነጋዴው ከሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ስለሚጭን ገና ከከተማ ላይወጣ እንደሚችል፣ መኪናው ሰማያዊ አይሱዙ እንደሆነ ነገረችኝ። ጃንጥላዬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ። ዞር ስል መምህር ኢድሪስ ከኋላዬ ናቸው።

«መምህር፣ ዝናብ ነው፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«እሄዳለሁ» አሉ።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን «ወደ ባምባሲ መውጫ፣ ኬላው ጋ፣ ቶሎ!» አልኩት ሹፌሩን። ቶሎ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ ጎርፍ ነው። እኔ ሹፌሩን እሰድባለሁ፣ ሰማዩን እሰድባለሁ፣ መብራቱን እረግማለሁ። መምህር ዝም ብለው በመጋረጃው ቀዳዳ ዝናቡን ያያሉ። ዝምታቸው ነው የባሰ ያናደደኝ። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«መምህር፣ ያኔ ጽፈው ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ'ኮ ቢያንስ ተረቱ ይተርፍ ነበር!»

ወዲያው አፈር ልብላ ብዬ ተጸጸትኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ምትኬ፣ ስማኝ። ጥንቸሉ ከወረደ ያልቃል። ተረቱ ያልቃል፣ ሐዋም ዝም ይላል። ለዚህ ነው። ዛፍ ላይ ካለ ገና እያወራ ነው።»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ከሌላው ሰው ጋር ሆኜ እኔም «አልወረደችም?» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ። ሹፌሩም ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ሳያይ ነው የነዳው።

ሰማያዊው አይሱዙ ኬላው ላይ ለፍተሻ ተሰልፎ አገኘነው። ባጃጁ ሳይቆም ዘልዬ ወርጄ ጋቢናውን ደበደብኩ። ነጋዴው ወፈር ያለ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ነው። ጨረታው፣ ደረሰኙ፣ ሕጋዊነቱ ብሎ ሊነሳብኝ ሲል መምህር መጡና በዝናቡ ውስጥ ቆመው ሰላም አሉት። «የባለቤቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው። ሞቷል፣ አላህ ይማረው። ሌላ የለኝም» አሉት።

ሰውዬው ደረሰኙን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ጫኚውን «ሸራውን ፍታው። ሁሉንም አውርዱና ይዩት» አለው። ተራ ለሚጠብቀው መኪና ሁሉ እጁን አውጥቶ «እለፉኝ» አለ። ያን ሰው እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ሸራው ተነሳ። ማሽኖቹን ለመጫን እንዲመቻቸው ከፍተው ሆዳቸውን አውጥተውታል። ቆርቆሮው ለብቻ ተደራርቧል፣ ሃርድ ዲስኮቹ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ተወርውረዋል። ጆንያው ረጥቧል። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ ሁሉም ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። መምህር ከጎኔ ተንበርክከው እያንዳንዷን በኮታቸው ጫፍ እየጠረጉ ይደረድሩልኛል፤ የትኛዋ እንደሆነች ባያውቁም ሁሉንም ይጠርጋሉ። እኔ ማልቀስ ጀምሬአለሁ። ዝናቡ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

«ምንድነው የምትፈልጊው?» አለኝ ጫኚው ጎንበስ ብሎ።

«ጥቁር፣ ትልቅ ማሽን። ፊቷ ላይ ምትኬ የሚል የተለጠፈባት።»

«እሷማ መች ተጫነች?»

«ምን አልክ?»

«ጭኛት ነበር፣ ዘበኛው አስወረደኝ። 'ይሄ የሰው ነው፣ ስም አለበት' ብሎ ድርቅ አለ። ልንጣላ ነበርኮ! በባጃጅ ጭኖ ላካት።»

እንደ መብረቅ ነው የመታኝ። ዕቃህን ቤት ልኬዋለሁ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው። እናትህ ተቀብሎ ይዟል።

«ማንጎ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?» አሉ መምህር።

«መምህር፣ ይነሱ! ማንጎ አይደለም!»

አበደች ብለው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ተነሱ። ያው ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

አከራዬ እትዬ ዘሀራ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አሶሳ ቢኖሩም ወሎነታቸው አንድም አልተነካም። ጭቃ በጭቃ ሆነን ግቢ ስንገባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የኔ ዓለም! ምን ሆናችሁ?»

«እትዬ ዘሀራ፣ ጠዋት ዕቃ መጥቶልኛል?»

«መጥቷል እንጂ! ብረት ነው መሰለኝ፣ ይከብዳል። ስምሽ ተጽፎበት ባየው ጊዜ የሥራ ዕቃዋ ነው ብዬ ያንቺ ቤት ጣራው ስለሚያፈስ እኔ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ወላሂ ማንም አልነካውም። አብሽሪ።»

ገባን። ምትኬ በእትዬ ዘሀራ አልጋ ላይ፣ የአበባ ጥልፍ ያለው አንሶላ ለብሳ ተኝታለች። አንሶላውን ስገልጠው በራሴ እጅ የተጻፈው ስሜ ከነእልሁ ፊት ለፊት አፈጠጠብኝ። እንደዚያ ስም በሕይወቴ ያስደሰተኝ ነገር የለም። እትዬ ዘሀራን አቅፌ አጨቀየኋቸው። መምህር ኮታቸውን አወለቁና አለበሷት፤ እስከ ቢሮ ድረስ ጉልበታቸው ላይ ይዘዋት ሄዱ። እኔ ልያዝ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ቢሮ ስንገባ ወሬው ደርሶ ነበርና ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቧል። ማንንም አላናገርኩም። ሰካኋት። አቃሰተች። እንደዚያ ቀን ማቃሰቷ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በቅድሚያ የመምህርን ፎልደር ወደ አዲሱ አዛወርኩ፣ በፍላሽ ያዝኩ፣ የራሴ ስልክ ላይ፣ ቀጥሎ የሰላማዊት ስልክ ላይ ጫንኩ። ቆጠርኩ፣ መጠኑን አየሁ። ይሄ ሁሉ ልክ ነበር፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

«መምህር፣ ይክፈቱትና ይዩት» አልኳቸው።

ማዳመጫውን አነሱ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ ገመዱን ከማሽኑ ነቀሉት። የሐዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወፍራም፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ ነው። በርታኛ አልችልም፣ ግን አንበሳው ሲናገርና ጥንቸሏ ስትናገር ይለያል። በሩ ላይ ከቆሙት ቋንቋውን የሚችሉት ይስቃሉ። ጥንቸሏ ዛፉ ላይ ስትወጣ ገባኝ፤ የመምህር እጅ እንደልማዱ ሊያጠፋው ወደ ማውሱ ሄዷልና። መንገድ ላይ ቆመ። ተመለሰና ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ሐዋ መናገራቸውን ቀጠሉ።

ተረቱ አለቀ። ሰው ሊያጨበጭብ ሲል መምህር እጃቸውን አነሱ። ገና አላለቀም። ከተረቱ በኋላ የወንድ ድምፅ ይሰማል፣ የራሳቸው የመምህር ድምፅ፣ አንድ ነገር ይጠይቃል። ሐዋ ይስቃሉ፣ ያስላቸዋል፣ አጭር ነገር ይመልሳሉ። ከዚያ ጸጥ።

እኔ ነኝ «ምን አሉ?» ያልኩት።

መምህር ማሽኑን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እኔ 'ጥሩ ነው፣ ድገመው' አልኩት። እሱ 'ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን እደግምልሃለሁ' አለ።»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሌላ ቀን አልመጣም። በዚያው ተኛ። ይህን እንዳልሰማ ነው የማጠፋው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ፈገግ ብለዋል። «ይኸው ሌላ ቀን። ዛሬ ነው።»

ማውሱን ያዙና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ሐዋም ደገሙላቸው።

እኔ እዚያ መቆም አልቻልኩም። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ምትኬ ያልሽኝ ለምንድነው?»

«በይ እንግዲህ! ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«ንገሪኝ። የሱ ምትክ ስለሆንኩ ነው?»

የያዘችውን ዕቃ ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

«እሱን ያሉት አክስቶችሽ ናቸው» አለች። «እኔ መቼ አልኩ? እሱ ምትክ የለውም፣ የኔ ልጅ። ልጅ በልጅ ይተካል እንዴ? እሱ እሱ ነው፣ አንቺ አንቺ ነሽ። እኔ ምትኬ ያልኩሽ የኔ ምትክ ብዬ ነው። እኔ ስሄድ የምትቀሪልኝ። ምትኬ ማለት የኔ ምትክ ማለት አይደል እንዴ? ይህን ያህል ተምረሽ ይሄ ጠፋሽ?»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተቆጣሁት ራሴ አጣምሜ ባነበብኩት ስም ነበር።

ጋሽ ተሾመ ከኩርሙክ ሲመለሱ ነገሩ ተጣራ። እኔ «ምትኬን እንዳይነኳት» አልኳቸው፤ እሳቸው ለአብዱ «የምትኬን እንዳትነካ» አሉት፤ አብዱ የምትኬን ዕቃ ፈልጎ ስሜ ያለበትን አገኘ። አንዲት «የ» ናት ያዳነችን። አብዱን ሳመሰግነው ግራ ገባው። «ስምህ አለበት። የሰው ስም ያለበት ዕቃ ይሸጣል እንዴ?» አለኝ። ማንጎውን ስጠይቀው ደግሞ «የምን ማንጎ?» አለ። እናቴ እስከ ዛሬ ማንጎዋን ትጠይቀኛለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ መካሪ አይደለሁም፣ ለምክር የሚሆን ትዕግሥትም የለኝም። ግን ስልካችሁ ውስጥ «አለ» ብላችሁ የተኛችሁበት ድምፅ ካለ ዛሬ ክፈቱት። ስሙና መጠኑ ልክ ስለሆነ አትመኑት። የምትጠይቁት ነገር ካለም ጠይቁ። ደውሉ። እኔ ከእናቴ የሰማሁትን ለመስማት አንድ ማሽን እስኪጠፋብኝ ድረስ መጠበቅ አልነበረብኝም።

ምትኬን በመጨረሻ አልሸጧትም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ጽሑፉን ግን በጥንቃቄ ልጬ አዲሱ ማሽን ግንባር ላይ ለጠፍኩት። «ይሄም የአንተ ነው?» አለኝ አብዱ። «አዎ፣ የኔ ነው» አልኩት፤ ያን ጊዜ በስሜ ስኮራ የመጀመሪያዬ ነበር።

የዚያ ሐሙስ ማግስት ጠዋት መምህር ኢድሪስ ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ሲጽፉ ሰላማዊት አለፈችና በልማዷ ጠየቀቻቸው።

«መምህር፣ ጥንቸሏስ?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ቀና አሉ።

«ወረደች» አሏት። «ወረደች፣ ደህና ናት።»